ፍራንክ ሆርንቢ፣ የትናንሽ መሐንዲሶች መምህር

ዕውቀት ሁሉ በአንድ መንገድ ብቻ አይገኝም። በጆሮ ተሰምቶ የሚያዝ ዕውቀት አለ፤ ከመጽሐፍ ተነብቦ የሚገኝም አለ፤ በእጅ ካልዳሰሱት፣ ካልፈቱትና መልሰው ካልገጠሙት በስተቀር በሚገባ የማይገባ ዕውቀት ደግሞ አለ። ቀላል መኪናዎች ተብለው የሚጠሩት የሥራ መሣሪያዎች ዕውቀት ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው። እነዚህም ከባድ ነገር የሚነሣበት መፈንቅል፣ ገመድ የሚዞርበት መዘውር፣ ጎማና ዘንግ፣ ተዳፋት፣ ሽብልቅና ብሎን ናቸው። ታላላቆቹ መኪናዎች እጅግ የተወሳሰቡ ቢመስሉም፣ ተፈታተው ሲታዩ አብዛኛው ክፍላቸው ከእነዚህ ከስድስቱ የተቀናበረ ነው። አንድ ልጅ መፈንቅል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትርጉሙን በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ ዘንጉን በገዛ እጁ ጨብጦ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ድንጋይ ከቦታው ሲያንቀሳቅስ ግን ያን ጊዜ የሚያውቀው ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ነው።

ይህን እውነት ተረድቶ፣ ልጆች ቀላል መኪናዎችን በገዛ እጃቸው እየሠሩ የሚማሩበትን መሣሪያ ለዓለም ያበረከተው ሰው ፍራንክ ሆርንቢ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ሆርንቢ መሐንዲስ ወይም መምህር አለመሆኑ ነው። ከዕድሜው ብዙ ዓመታት ያሳለፈው በንግድ ቤት ገንዘብና የሒሳብ መዝገብ በመያዝ ነበር። የእርሱን ሕይወት በምንመለከትበት በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክ ሆርንቢ በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ፣ ሜይ 15 ቀን 1863 ተወለደ። አባቱ ጆን ሆርንቢ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ሊቨርፑል በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ከታወቁት ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ከሩቅ አገር ጥጥ፣ ስንዴና ሥጋ የጫኑ መርከቦች መርሲ በተባለው ወንዝ አፍ በኩል እየገቡ በወደቡ ዳር ይሰለፉ ነበር። ግዙፍ ክሬኖችም ረጃጅም ክንዳቸውን ዘርግተው ጭነቱን ከመርከብ ወደ ምድር፣ ከምድርም ወደ መርከብ ሲያመላልሱ ይውላሉ። በ1893 ደግሞ በብረት ድልድይ ላይ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ከወደቡ ጎን ለጎን የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀመረ። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው መኪና ሳያይ የሚውልበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ማየትና ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሬኑ ያን ሁሉ ክብደት በምን ዘዴ እንደሚያነሣ በትክክል የሚያውቁት ከብዙኃኑ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

ሆርንቢ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቁሞ በአባቱ ንግድ ቤት በገንዘብ ያዥነት ሥራ ጀመረ። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ነገር ግን ስለ ፈጠራ ሰዎች ሕይወት የተጻፉ ታሪኮችን ማንበብ ይወድ ነበር። በሕይወት ሳለ ስለ እርሱ በተጻፈው ታሪክ እንደሚነገረው፣ በልጅነቱ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለ ምንም ኃይል ለዘለዓለም የሚሽከረከር መኪና ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ሙከራው አልተሳካም፤ ሊሳካም አይችልም ነበር። ማንኛውም መኪና ከተሰጠው ሥራ የበለጠ ሥራ ሊመልስ አይችልምና። መኪና የሚያደርገው ነገር ቢኖር የኃይልን መጠን፣ አቅጣጫ ወይም ፍጥነት መለወጥ ብቻ ነው፤ በኃይል ያተረፈውን በርቀት ይከፍላል። ወጣቱ ሆርንቢ ይህን ሕግ ከመምህር አፍ ከመስማት ይልቅ እምቢ ባለው መኪና አማካይነት ተማረው።

በ1887 ክላራ ጎደፍሮይ የተባለች የትምህርት ቤት መምህርት አገባ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ወንዶቹ ሮላንድና ዳግላስ ይባሉ ነበር። በ1899 አባቱ ሲሞት የቤተሰቡ ንግድ ተዘጋ። ሆርንቢም ቤተሰቡን ለማስተዳደር ዴቪድ ኤሊየት በተባለ የሥጋ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተቀጠረ። ቀኑን ከቁጥር ጋር ሲታገል ይውልና ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። በቤቱ ውስጥ ትንሽ የሥራ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ከስስ ላሜራ እየቆረጠ ለሁለቱ ልጆቹ ድልድይ፣ የጭነት መኪናና ክሬን ይሠራላቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ችግር ገጠመው። ለክሬኑ የተቆረጠው ላሜራ ለክሬኑ ብቻ የሚያገለግል ሆነ፤ ለድልድዩ የተሠራውም ከድልድዩ በስተቀር ለሌላ ነገር አይውልም። ልጆቹ አዲስ ነገር በፈለጉ ቁጥር ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከዚህም በላይ ልጆቹ የተጠናቀቀ መጫወቻ ተቀባዮች ብቻ ሆኑ። የሚቆርጠው፣ የሚለካውና የሚገጥመው አባታቸው ነበር፤ ማሰቡም ቢሆን የእርሱ ድርሻ ነበር። እነርሱ በክሬኑ ዕቃ ያነሣሉ፤ ክሬኑ ለምን እንደሚያነሣ ግን አያውቁም።

ሆርንቢ መፍትሔውን ያገኘው አንድ የገና በዓል ሰሞን በባቡር ሲጓዝ እንደነበረ ይነገራል። በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ክሬን አየና፣ እንዲህ ያለውን ነገር ልጆቹ ራሳቸው የሚገጥሙት እንዴት አድርጎ ቢሠራ እንደሚሻል ያስብ ጀመር። ያገኘውም መልስ የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ መጫወቻ የተለየ አካል ከመቁረጥ ይልቅ፣ ለሁሉም የሚያገለግሉ ጥቂት ዓይነት አካላት መሥራት ይቻላል። እነዚህም ወርዳቸው ግማሽ ኢንች የሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት የተበሱ የብረት ዘንጎች ይሆናሉ። በአንዱ ቀዳዳና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የትኛውም ላሜራ ከየትኛውም ላሜራ ጋር በብሎንና በዳዶ ሊታሰር ይችላል። ሥራው ሲያልቅም ዳዶው ይላላል፤ ክሬኑ ይፈታል፤ ከእነዚያው አካላት ድልድይ ወይም ሠረገላ ይሠራል። ሌላም ብልሃት ነበረበት፤ ያው ቀዳዳ ብሎን ሲገባበት ማሰሪያ፣ ዘንግ ሲገባበት ደግሞ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማረፊያ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ላሜራዎች ሆርንቢ ራሱ ከሰፊ የመዳብ ሉህ በእጁ እየቆረጠ አዘጋጃቸው። ሮላንድና ዳግላስም ወዲያውኑ ይሠሩባቸው ጀመር። በዚህ ጊዜ አባትዬው ያስተዋለው ትልቅ ነገር ነበር። ልጆቹ ከእንግዲህ ወዲያ መጫወቻ ስጠን ማለታቸውን ትተው፣ ይህ ለምን ይወድቃል፣ ያስ እንዴት ይቆማል ብለው የሚመራመሩ ሆኑ።

ከእነዚህ ከተበሱ ላሜራዎች ልጅ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚያገኝ በምሳሌ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 11 ቀዳዳ ያለው ላሜራ እንውሰድ። በመካከለኛው ቀዳዳ፣ ማለትም በስድስተኛው በኩል ዘንግ ብናሳልፍበት ላሜራው እንደ ሚዛን ይሆናል። ከመካከሉ በስተግራ በሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሁለት እኩል ክብደቶች ብንሰቅል፣ በስተቀኝ በአራተኛው ቀዳዳ ላይ ከእነርሱ አንዱን የሚያህል አንድ ክብደት ብቻ ሰቅለን ሚዛኑን እኩል ማድረግ እንችላለን። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው፤ አንድ ጊዜ አራትም አራት ነው። ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት ስለተበሱ ላሜራው መፈንቅልም መለኪያም ሆኖ ያገለግላል። ልጁ የመፈንቅልን ሕግ ቀዳዳ በመቁጠር ብቻ ያገኘዋል።

እንደዚሁም አራት ላሜራዎችን በአራት ብሎን አሥሮ አራት ማዕዘን የሠራ ልጅ፣ ጫፉን ገፋ ሲያደርገው ሥራው ወደ ጎን ሲንጋደድ ያያል። ብሎኑን ምንም ያህል ቢያጠብቀው አይጸናም። አምስተኛ ላሜራ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሲያስርበት ግን አራት ማዕዘኑ ወደ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይለወጥና ቀጥ ብሎ ይቆማል። የድልድዮችና የክሬኖች ብረት በሦስት ማዕዘን የተያያዘበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰያፉን የሚያስር ልጅ አንድ ሌላ ነገርም ያስተውላል። የአራት ማዕዘኑ አንዱ ጎን 3 ክፍተት፣ ሌላው ጎን 4 ክፍተት ቢሆን ሰያፉ ልክ 5 ክፍተት ይሆንና ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ይገጥማል። ይህ በጂኦሜትሪ ትምህርት ፓይታጎራስ በተባለው የጥንት ፈላስፋ ስም የሚታወቀው ሕግ ነው።

መዘውርም እንደዚሁ ነው። ገመዱን በአንድ ቋሚ መዘውር ላይ ብቻ ያሳለፈ ልጅ የኃይሉን አቅጣጫ ለወጠ እንጂ ኃይል አልቆጠበም። ከጭነቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ሁለተኛ መዘውር ሲጨምርበት ግን ጭነቱን የሚያነሣው፣ ሰበቃው ሳይታሰብ፣ በግማሽ ኃይል ይሆናል። ሆኖም ጭነቱ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል ልጁ ሁለት ስንዝር ገመድ መሳብ አለበት። ከጊዜ በኋላ በተጨመሩት ባለጥርስ ጎማዎችም ይኸው ሕግ ይታያል። 19 ጥርስ ያለው ትንሽ ጎማ 57 ጥርስ ካለው ትልቅ ጎማ ጋር ሲነካከስ፣ ትንሹ ሦስት ጊዜ ዞሮ ትልቁን አንድ ጊዜ ያዞረዋል፤ ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይቀንሳል፤ የማዞር ኃይሉ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሆርንቢ በልጅነቱ ባልተሳካለት መኪና የተማረውን ሕግ፣ ማለትም በኃይል የተገኘው በርቀት እንደሚከፈል፣ ሌሎች ልጆች በገመድና በጥርስ እየቆጠሩ ይማሩት ጀመር።

ሆርንቢ ይህ ነገር ከልጆቹ አልፎ ለሌሎችም እንደሚጠቅም ባመነ ጊዜ የፈጠራ መብቱን በሕግ ለማስከበር ቆረጠ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ከአሠሪው ከኤሊየት 5 ፓውንድ ተበድሮ በጃንዋሪ 1901 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ። በማመልከቻው ላይ ፈጠራውን ለልጆችና ለወጣቶች የሚሆን የመጫወቻና የማስተማሪያ መሣሪያ ማሻሻያ ሲል ሰየመው። መጫወትና መማር በእርሱ ዘንድ ከመነሻው አንድ ነገር እንደነበሩ ይህ ስያሜ ያስረዳል። ኤሊየትም ገንዘብ በማበደር ብቻ ሳይወሰን የሥራው ሸሪክ ሆነ።

በ1902 መሣሪያው ለገበያ ቀረበ። ስሙም መካኒክስን ማቅለል የሚል ትርጉም ያለው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ 16 ዓይነት አካላትና የ12 ነገሮችን አሠራር የሚያሳይ ወረቀት ይገኙበት ነበር። ዋጋው 7 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ነበር። በዚያን ጊዜ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ፣ 12 ፔኒም አንድ ሽልንግ ይሆናል። ሸማቹ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ነጋዴዎች ያልተገጠመ፣ ያላማረና ቀዳዳው የበዛ ብረት ለልጅ መጫወቻነት ማን ይገዛል ብለው ተጠራጠሩ። የተሠራና ቀለም የተቀባ መጫወቻ የለመደ ዓይን፣ ያላለቀ ነገር ሲያይ ጉድለት መሰለው። የመሣሪያው ዋና ዋጋ ግን ይኸው አለማለቁ ነበር። የሚጨርሰው ልጁ ነውና።

በዚህ የጭንቀት ጊዜ ለሆርንቢ ትልቅ ድጋፍ የሆነው በሊቨርፑል የምህንድስና መምህር የነበረው ፕሮፌሰር ሂል ሾው ነበር። ፕሮፌሰሩ መሣሪያውን መርምሮ የመካኒክስን መሠረታዊ ሕጎች ለልጆች ለማስተማር የሚረዳ መሆኑን መሰከረ። ያም ሆኖ ሥራው ቶሎ ትርፍ አላመጣም። በ1903 ወደ 1,500 የሚጠጉ ሣጥኖች ቢሸጡም ወጪው ገቢውን ዋጠው። ለብዙ ዓመታት ሆርንቢ ቀን ቀን የሰው ሒሳብ እየጻፈ፣ ማታ ማታ ደግሞ አዳዲስ አካላትና አዳዲስ ሥዕላዊ መግለጫዎች እያዘጋጀ በሁለት ሥራ ኖረ።

በ1907 ከባድ ውሳኔ የሚያስፈልግበት ጊዜ መጣ። የመሣሪያው ፈላጊ እየበዛ ሲሄድ፣ አካላቱን በትእዛዝ ይሠሩ የነበሩት ፋብሪካዎች ማድረስ ተሳናቸው። ሆርንቢ የ44 ዓመት ሰው፣ የሦስት ልጆች አባትና በደመወዙ የሚኖር ሠራተኛ ነበር። ሥራውን ቢለቅና ነገሩ ባይሳካለት ቤተሰቡ የሚወድቅበት አልነበረም። ቢሆንም ሥራውን ለቀቀና በብድር ገንዘብ በሊቨርፑል ዱክ በተባለው መንገድ ትንሽ የሥራ ቦታ ተከራይቶ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር አካላቱን ራሱ ያመርት ጀመር። በሴፕቴምበር 1907 ሜካኖ የሚለውን የንግድ ስም አስመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሜይ 1908፣ የሜካኖ ኩባንያ ተቋቋመ። ኤሊየት በአዲሱ ኩባንያ ውስጥ ለመግባት ስላልፈቀደ ኃላፊነቱ ሁሉ በሆርንቢ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እጅግ ፈጥኖ አደገ። ሜካኖ ከብሪታንያ አልፎ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ታወቀ። በ1914 በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ በተባለ ሥፍራ ሰፊ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ይህም ፋብሪካ ከ60 ዓመት በላይ የኩባንያው መናኸሪያ ሆኖ ቆየ። ሣጥኖቹም በቁጥር ደረጃ ወጥቶላቸው ነበር። ትንሹን ሣጥን የያዘ ልጅ ጥቂት አካላት በመጨመር ወደሚቀጥለው ደረጃ ማለፍ ይችላል፤ ከመፈንቅል ወደ መዘውር፣ ከመዘውር ወደ ባለጥርስ ጎማ፣ ከዚያም ወደ ተወሳሰበ መኪና ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

ሆርንቢ ግን በመሸጥ ብቻ አልረካም። ልጅ የመግለጫውን ሥዕል እያየ ሲሠራ የሚማረው የሌላውን ሐሳብ መከተል ነው። ከራሱ አስቦ ሲሠራ ግን የመሐንዲስን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ኩባንያው በመግለጫው ላይ የሌለ አዲስ ነገር ለሚሠሩ ልጆች የሽልማት ውድድር አዘጋጀ። በ1914 እና በ1915 በተካሄደው ውድድር ከተሸለሙት ሥራዎች የተመረጡት በመጽሐፍ ታትመው ወጡ፤ ትናንት ተማሪ የነበረው ልጅ ዛሬ ለሌሎች ልጆች አስተማሪ ሆነ። በ1916 ሜካኖ መጽሔት መታተም ጀመረ። መጽሔቱ ስለ መጫወቻው ብቻ ሳይሆን ስለ እውነተኞቹ ድልድዮች፣ መርከቦች፣ ባቡሮችና የፈጠራ ሰዎች የሚያስረዱ ጽሑፎችን ያወጣ ነበር። በ1919 ደግሞ የልጆች ማኅበራትን የሚያስተባብር የሜካኖ ማኅበር ተቋቋመ። ልጆች በየአካባቢያቸው እየተሰበሰቡ አብረው ይሠሩ፣ የሠሩትንም ለሕዝብ ያሳዩ ጀመር።

በ1920 ኩባንያው በሆርንቢ ስም የሚጠሩትን በሞላ የሚሄዱ የመጫወቻ ባቡሮች ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች እንደ ሜካኖ በብሎንና በዳዶ የተያያዙ ስለነበሩ ልጁ ፈታቶ ውስጣቸውን ማየትና መልሶ መግጠም ይችል ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ዲንኪ የተባሉት ትናንሽ መኪኖች ተከተሉ። በ5 ፓውንድ ብድር የጀመረው የሒሳብ ሠራተኛም ሚሊዮነር ሆነ። በ1931 ሆርንቢ ከሊቨርፑል የምርጫ ክልሎች አንዱ በሆነው በኤቨርተን የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እጩ ሆኖ ለብሪታንያ ፓርላማ ተመረጠ። በ1935 በተደረገው ምርጫ ግን እንደገና አልተወዳደረም። የልብና የስኳር በሽታ ስላደከመው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1936 በ73 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረውም በሊቨርፑል አጠገብ በሚገኘው በማጉል ነው። የመጀመሪያዎቹን የመዳብ ላሜራዎች ይዞ የተጫወተው ልጁ ሮላንድ የኩባንያው ሊቀ መንበር ሆኖ ተተካ።

የሰውን ሥራ በሚገባ ለመመዘን ጉድለቱንም መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሣጥን ዋጋ፣ ማለትም 7 ሽልንግ ከ6 ፔኒ፣ በዚያን ዘመን ሙያ የሌለው የእንግሊዝ ሠራተኛ በሳምንት ከሚያገኘው ደመወዝ ሲሶውን ያህል ነበር። ስለዚህ በወደቡ ላይ ጭነት ሲሸከም የሚውለው ወዛደር፣ ክሬኑ እንዴት እንደሚያነሣ የሚያስተምረውን መጫወቻ ለልጁ መግዛት አይችልም ነበር። ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ ማስታወቂያው፣ የሣጥኑ ሥዕልና መጽሔቱ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ብቻ የሚመለከቱ መሆናቸው ነው። ብሎንና ዳዶው በወንድ ወይም በሴት ጣት መካከል ልዩነት አያውቁም፤ በዘመኑ የነበረው አስተሳሰብ ግን ሴቶችን ከመካኒክስ ደጃፍ ከለከላቸው። የዕውቀት መሣሪያ ምንም ያህል ቢያምር ለሁሉም እስካልተዳረሰ ድረስ ሥራው ግማሽ ነው።

ይህም ሆኖ የተበሳው ላሜራ ያፈራው ፍሬ ከመጫወቻነት እጅግ የላቀ ነው። ሆርንቢ ከመሞቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1934፣ የማንችስተር ዩኒቨርስቲው ፕሮፌሰር ዳግላስ ሃርትሪ ከተማሪው ከአርተር ፖርተር ጋር ሆኖ አስቸጋሪ የሒሳብ እኩልነቶችን የሚፈታ መኪና ሠራ። አብዛኛው የመኪናው አካል ከሜካኖ የተገጠመ ነበር። መጫወቻ ነው ተብሎ የተናቀው ነገር ለሳይንስ ምርምር በቃ። በ1996 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ክሮቶም፣ በልጅነቱ በሜካኖ መጫወቱ ለሳይንስ ሥራው ትልቅ መሠረት እንደሆነለት ጽፏል። ክሮቶ ከጓደኞቹ ጋር የታወቀበት ግኝት 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ ተያይዘው የሚሠሩትን ቅርጽ የሚመለከት ነው። በልጅነቱ አካላት እንዴት እንደሚያያዙ በጣቱ የለመደ ሰው፣ በዓይን የማይታዩት አቶሞች እንዴት እንደሚያያዙ ለማሰብ አልተቸገረም።

የቢንስ ሮድ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ። ፋብሪካ ይከፈታል፤ ፋብሪካ ይዘጋል። የሆርንቢ ዋና ውርስ ግን ፋብሪካው ወይም ያተረፈው ገንዘብ አይደለም። ልጅን ያለቀ ነገር ተቀባይ ከማድረግ ይልቅ ያላለቀውን ነገር ሰጥቶ ጨርሰው ማለት፣ ሲወድቅበትም ለምን እንደወደቀ ራሱ እንዲመረምር መተው ከሁሉ የበለጠ ማስተማሪያ መሆኑን በሥራ ማሳየቱ ነው። ለዚህ ትምህርት ውድ ሣጥን የግድ አያስፈልግም። የተበሳ እንጨት፣ ክር፣ ያለቀ የክር ማጠንጠኛና ጥቂት ሚስማር ያለው ተማሪ መፈንቅልንና መዘውርን ሠርቶ ሕጋቸውን መመርመር ይችላል። የሚያስፈልገው የሚሠራ እጅና ለምን ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ነው። ፍራንክ ሆርንቢም የጀመረው በእነዚህ በሁለቱ ነበር።